አሸዋ ካርታ አያነብም፦ ግልጽ ደብዳቤ ለደሴት ዳርቻ ፈቃድ ሰጪዎች

ይድረስ በሐሩር ክልል ደሴቶች የባሕር ዳርቻ ላይ የግንባታ ፈቃድ ለምትሰጡ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ

ጉዳዩ፦ ስለ አሸዋ

ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤው ለአንድ ደሴት ብቻ የተጻፈ አይደለም። እናንተ ሳትፈርሙ ዳርቻ ላይ መሠረት የሚቆፍር የለም (ሳይፈቀድለት የሚቆፍረውን ለጊዜው እንተወው)፣ ስለዚህ ከእናንተ ልጀምር። በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ። «አትገንቡ» ልል አይደለም የመጣሁት። ደሴት ላይ የሚኖር ሰው ሥራ ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ ልጁን የሚያሳክምበት ክሊኒክ ይፈልጋል። ዓሣ አጥማጁን «አንተ እንደ አያትህ ኑር፣ እኛ ፎቶ እናነሳሃለን» ማለት ነውር ነው። እኔም ሪዞርት ውስጥ አድሬ፣ ባሕሩን እያየሁ ቁርሴን በልቼ የማውቅ ሰው ነኝ። ጻድቅ አይደለሁም።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ደረጃ ነው። የሲሚንቶ ደረጃ።

አንዲት ደሴት ላይ፣ ስሟን አልጠራም፣ ያረፍኩበት ቤት ከግቢው ወደ ባሕሩ የሚያወርድ ደረጃ ነበረው። ሰባት እርከን ቆጠርኩ። ከሰባተኛው በታች ምንም የለም። አየር ነው። አሸዋው ከደረጃው ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ብሎ ሄዷል። የመጨረሻው እርከን ሥር ፌሮው ዝጎ አፍጥጧል፣ ኮንክሪቱን ነካ ሳደርገው እጄ ላይ ተፈረፈረ። ጠዋት ጠዋት አንድ የግቢው ሠራተኛ የእንጨት መሰላል አምጥቶ ያስደግፍልናል፣ ባሕሩ ሲሞላ መልሶ ያነሳዋል። «ድሮ እኮ እዚህ ኳስ እንጫወት ነበር» አለኝ። ድሮ ማለት መቼ ነው ብዬ ስጠይቀው «ያ ነገር ከመሠራቱ በፊት» ብሎ በአገጩ ወደ ጎረቤቱ ጠቆመኝ። ጎረቤቱ ወደ ባሕር የሚዘልቅ የድንጋይ ግድብ ሠርቷል። ከግድቡ ወዲያ ሰፊ፣ ነጭ፣ ለብሮሹር የሚሆን አሸዋ ተኝቷል። ከግድቡ ወዲህ የእኛ መሰላል።

ያ ግድብ ፈቃድ የለውም ብዬ አልጠረጥርም። እንዲያውም ማኅተሙ የተሟላ ይመስለኛል። ሰውየው በገዛ ወሰኑ ውስጥ ነው የሠራው። ነገሩ የተበላሸውም እዚያ ላይ ነው። እናንተ ፈቃድ የምትሰጡት ለቦታ ነው፦ አራት ማዕዘን አለው፣ ካርታ አለው፣ የይዞታ ቁጥር አለው። አሸዋ ግን ካርታ አያነብም። የሚሄድ ነገር ነው። ዛሬ የእርስዎ፣ ከወር በኋላ የጎረቤትዎ፣ ከዚያ ተመልሶ የእርስዎ። በመሐል አንዱ ቢያግተው ሌላው ይደኸያል።

ማልዲቭስን ውሰዱ። ነፋሱ በዓመት ሁለት ጊዜ አቅጣጫ ይቀይራል። ከደቡብ ምዕራብ ሲነፍስ አሸዋው ወደ ደሴቷ ምሥራቃዊ ጎን ይጓዛል፣ ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ ወደ ምዕራቡ ይመለሳል። ትንሽ ደሴት ከሆነች ዳርቻዋ ዓመቱን ሙሉ ዙሪያዋን ይዞራል ማለት ይቻላል። እንግዲህ ቀያሽ በአንዱ ወቅት ሜትሩን ይዞ ሲመጣ ሰፊ ዳርቻ ያገኛል፣ ለክቶ ይሄዳል፣ በልኩ መሠረት ይቆፈራል፤ ነፋሱ ሲዞር ባለሀብቱ «ባሕሩ መሬቴን በላው!» ብሎ እናንተ ጋ እየሮጠ ይመጣል። ባሕሩ የማንንም መሬት አልበላም። የራሱን አሸዋ ነው የወሰደው፣ ቢታገሱት ሊመልሰው።

አሸዋው ከየት እንደሚመጣ ደግሞ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ይኼኛው ደስ የሚለኝ ክፍል ነው፣ ትንሽ ልቆይበት። በእነዚህ ደሴቶች ላይ አሸዋ እንደ ሌላው ቦታ ከተራራ በወንዝ ታጥቦ የመጣ አይደለም። አብዛኛው ሕይወት የነበረው ነገር ነው፦ የኮራል (ትንንሽ የባሕር እንስሳት የሚያበጁት ድንጋይ) ስባሪ፣ የዛጎል ስባሪ፣ ኖራ የሚያበጅ የባሕር አልጌ። ከፋብሪካው ሠራተኞች ዋናው አፉ የበቀቀን ምንቃር የሚመስል ዓሣ ነው፣ ፓሮትፊሽ ይሉታል። ኮራል ድንጋዩን ይግጣል፣ አልጌውን ይፈጫል፣ ኖራውን አድቅቆ በኋላው ይለቀዋል። አዎ፣ ያ በእግራችን ጣት መሐል የሚገባው ለስላሳ ነጭ አሸዋ ብዙው የዓሣ ኩስ ነው። በአንዲት የማልዲቭስ ደሴት ዙሪያ የተደረገና በ2015 የታተመ ጥናት (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እዚያ ሪፍ (ኮራል ባሕር ውስጥ የገነባው አለት) ላይ ከሚመረተው አዲስ አሸዋ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚሠሩት እነዚሁ ዓሦች መሆናቸውን አሳይቷል። እንግዲህ ዓሣውን ለሆቴሉ ግሪል ስታጠምዱት አሸዋ አምራቹን ነው የምትጠብሱት። የመካከለኛው አሜሪካዋ ቤሊዝ ይህ ገብቷት በ2009 እሱንና መሰሎቹን ማጥመድ ከልክላለች።

ማንግሮቩም እዚሁ ሰንሰለት ውስጥ ነው። ሥሩ ጭቃ ውስጥ፣ ሽታው የማይጥም፣ ትንኝ የሚራባበት ዛፍ ስለሆነ ባለሀብት አይወደውም፤ «አጽድተን አሸዋ እንሙላበት» የሚል ማመልከቻ ሳይደርሳችሁ የቀረ አይመስለኝም። ካሪቢያን ውስጥ ግን ከፓሮትፊሽ ሁሉ ትልቁ ልጅነቱን የሚያሳልፈው ማንግሮቭ ሥር ነው። ማንግሮቩ በተመነጠረባቸው አንዳንድ ቦታዎች ጨርሶ ጠፍቷል። ዛፉን ለአሸዋ ብለው ይቆርጡታል፣ ዛፉ ሲሄድ ዓሣው ይሄዳል፣ ዓሣው ሲሄድ አሸዋው ይሄዳል። ከዚያ አሸዋ በመርከብ ይገዛል። ስሟ ዓለምን የሞላው የሃዋይዋ ዋይኪኪ እንኳ ከሌላ ቦታ በመጣ አሸዋ ስትሞላ የኖረች ዳርቻ ናት።

ሪፉ ደግሞ ግንብ ነው። ደመወዝ የማይጠይቅ ግንብ። በ2014 የወጣና የብዙ አገር መረጃ ያጠቃለለ ጥናት የኮራል ሪፍ የሞገድን ጉልበት በአማካይ 97 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። ዳርቻው ጋ የሚደርሰው የተረፈው ሦስት በመቶ ነው፣ እሱም እግር አጥቦ ይመለሳል። እንግዲህ ለጀልባ መግቢያ ብላችሁ ሪፉን በዲናሚትና በኤክስካቫተር ስትሰነጥቁት ምን እየከፈታችሁ እንደሆነ አስቡት። በር ነው የምትከፍቱት፣ የሚገባው ጀልባ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ሰው ሠራሹ ግንብ ልምጣ፣ ምክንያቱም ከእናንተ ጠረጴዛ ላይ በብዛት የሚያልፈው እሱ ነው። ዳርቻው ተሸረሸረ፣ ግንብ ይፈቀድልኝ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ነገር ግን ቀጥ ያለ ግንብ ሞገዱን አያበርደውም፣ መልሶ ይወረውረዋል። የተመለሰው ሞገድ ከግንቡ ፊት ያለውን አሸዋ እየጠረገ ይዞ ይሄዳል። ከግንቡ ጫፍ ደግሞ ጉልበቱን ጎረቤቱ ላይ ይወጣል። ጎረቤቱም ምን ያድርግ? እሱም ያመለክታል። ለመጀመሪያው ፈቅዳችሁ ለሁለተኛው ልትከለክሉ አትችሉም፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ዳርቻው ሁሉ ግንብ ይሆናል። ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ኦዋሁ ላይ የሆነው ይኼው ነው። በ1997 የታተመ ጥናት ከደሴቲቱ አሸዋማ ዳርቻ ሩብ ያህሉ ጠቦ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ አግኝቶታል፣ ይህም በአብዛኛው ግንብ በተሠራበት ቦታ ነው። ግንቡ መሬቱን አዳነ፣ ዳርቻውን ገደለ። የሃዋይ ሰዎች ሕጋቸውን አጥብቀው አሸዋማ ዳርቻ ላይ የግል ግንብን በመርህ ደረጃ የከለከሉት በ2020 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንባችሁ ነው የምነግራችሁ።

ግንብ ሁሉ ክፉ ነው አላልኩም። የማልዲቭስ ዋና ከተማ ማሌ በ1987 ከፍተኛ ሞገድ ካጥለቀለቃት በኋላ በጃፓን እርዳታ በግንብ ታጥራለች፣ ልክም ነው። ያን ያህል ሕዝብ ተፋፍጎ የሚኖርባት ከተማ ወደኋላ ፈቀቅ የምትልበት መሬት የላትም። ወደኋላ ፈቀቅ የሚልበት መሬት እያለው ለሰባት ባንጋሎና ለአንድ ባር ሲል ባሕር የሚያጥረው ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ፎርም አታስተናግዷቸው።

«ይሄን ሁሉ ካከበርን ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም በቦራካይ ልመልስ።

ቦራካይ የፊሊፒንስ ደሴት ናት፣ ስፋቷ አሥር ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ። አራት ኪሎ ሜትር የሚሆን እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ዳርቻ አላት። በ2017 ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጎብኚ መጣባት። ገንዘብ እንደ ጉድ ገባ። ሆቴሉ እየተገፋ አሸዋው ላይ ወጣ። ሕጉ ከውሃው ወደ ውስጥ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የሚቀር መስመር ነበረው፣ ነገር ግን ወረቀት ላይ። የፍሳሽ መስመር ያልገጠመው ሆቴል ብዙ ነበር፣ ለዝናብ ውሃ በተሠራው ቱቦ በኩል ቆሻሻው ቀጥታ ባሕር ይገባል። ዳርቻው አረንጓዴ አልጌ ለበሰ። በ2018 መጀመሪያ ላይ የወቅቱ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዱቴርቴ ደሴቷን «የፍሳሽ ጉድጓድ» ብለው ጠሯትና በዚያው ዓመት ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ለስድስት ወር ዘጓት። ሙሉ በሙሉ። ጎብኚ አይገባም።

ስድስት ወር ያለ ገቢ መቆየት ምን ማለት እንደሆነ አንድ አስተናጋጅ ጠይቁ። ዳርቻውን የረገጠው ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል ሌላ ቦታ ሌላ ሆቴል አለው፤ ማሳጅ የምትሠራው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ሳህን አጣቢው የላቸውም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሥራ ፈቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ ፈቃድ ሰጪው አንድ «አይሆንም» ቢል ኖሮ የሚጎዳው አንድ ባለሀብት ነበር፣ በኋላ መንግሥት «አይሆንም» ሲል የተጎዳው ደሴቱ ሁሉ ነው። እኔ ለልማት የማስበው እንዲህ ነው። የሠራተኛውን እንጀራ ያቆየው ዳርቻው እንጂ ሆቴሉ አይደለም፣ ሆቴል ሁሌም ይሠራል።

ስትከፈት በምን ተከፈተች? ከውሃው 30 ሜትር ውስጥ የነበረው ሕንፃ ፈርሶ፣ የፍሳሽ ነገር ያላሟላው ሆቴል ደጁ ላይ የእገዳ ወረቀት ተለጥፎበት፣ በአንድ ጊዜ ደሴቷ ላይ የሚገኘው ቱሪስት ከ19 ሺህ ትንሽ ከፍ እንዳይል ተገድቦ። ቁጥሩ ከዚያ በኋላም አከራክሯል፣ አንዳንዴም ተጥሷል። ዋናው ነገር ግን ቁጥር መኖሩ ነው። እናንተ ጋ ቁጥር አለ? ስንት አልጋ ሲሞላ ነው ደሴቱ «በቃኝ» የሚለው? አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው የሆቴሉ ፎቅ ነው።

አልጋ መቆጠር ያለበት በፍሳሽና በውሃ ነው። ለምን መሰላችሁ፣ የኮራል ደሴት ድንጋዩ ወንፊት ነው። ሴፕቲክ ታንክ ቀብሮ ክዳኑን ዘግቶ «አበቃ» የሚባልበት መሬት አይደለም። ከታንኩ የሚሰርገው በድንጋዩ ቀዳዳ አልፎ ሪፉ ላይ ይወጣል። እዚያ ያለው ውሃ ጥርት ያለው ምግብ ስለሌለበት ነው። ፍሳሹ ለአልጌው ማዳበሪያ ይሆነዋል፣ አልጌው ኮራሉን ይሸፍናል፣ ከዚያ እንግዳው መነጽሩን አድርጎ ይጠልቅና የሚያየው ጠጉር ያበቀለ ድንጋይ ነው። «ፎቶው ላይ እንዲህ አይደለም» ብሎ ኮከብ ይቀንሳል። የቀነሰበትን ነገር ግን ከሻወሩ በታች እሱ ራሱ እየላከው ነበር።

የሚጠጣውም ውሃ እዚያው ነው። ከደሴቷ ሥር የዝናቡ ውሃ ቀለል ስለሚል በጨው ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል፣ እንደ ሌንስ መሐሉ ወፍሮ ጠርዙ ሳስቶ። በስሌቱ ከባሕሩ ወለል አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ለቆመ ውሃ ከታች 40 ሜትር ያህል አለ ይባላል። በተቃራኒው ደግሞ ፓምፕ ከላይ ግማሽ ሜትር ቢቀንስ ጨዉ ከታች 20 ሜትር ሊወጣ ነው። በትናንሽ ደሴቶች ሌንሱ ከዚህም የሳሳ ነው። አንዴ ጉድጓዱ ጨው ጨው ካለ ለመመለስ ዝናብና ዓመታት ይፈልጋል። መዋኛ ገንዳ ከባሕሩ አሥር እርምጃ ላይ ለምን እንደሚቆፈር እስካሁን አልገባኝም፣ ግን ከተቆፈረም ውሃው ከየት እንደሚቀዳ ፎርሙ ላይ ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ በቅርብ አይቻለሁና ልንገራችሁ። መብራት ነው።

ማታ ነው፣ ጨረቃ የለችም። ዳርቻው ላይ አሸዋው እንደሚፈላ ሽሮ ብቅ ጥልቅ አለ። መጀመሪያ አንድ ጥቁር ጭንቅላት ወጣ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ መቁጠር አልቻልኩም። የባሕር ኤሊ ጫጩቶች። ከአሸዋው ሥር ወደ ሁለት ወር ቆይተው ነው የሚወጡት፣ አንድ ጎጆ ውስጥ መቶ ያህል እንቁላል ይኖራል። እያንዳንዷ መዳፍ ላይ ቁጭ የምትል ነች። ለሚሊዮኖች ዓመታት አንድ ሕግ ነው የሚያውቁት፦ ወደሚበራው አድማስ ሂድ። ማታ ላይ የሚበራው ባሕሩ ነውና። በዚያች ሌሊት ግን ባሕሩ ጨለማ ነበር፣ ከኋላቸው ደግሞ የባሩ አምፖሎች ከዘንባባ ዘንባባ ተዘርግተው እንደ ሠርግ ቤት ያበራሉ። ዞሩ። ሁሉም ማለት ይቻላል። በትንንሽ መቅዘፊያቸው አሸዋውን እየገፉ ወደ ባሩ አመሩ፣ አንዷ ወንበር ሥር ገብታ ቀረች። አስተናጋጆቹ ትሪያቸውን ጥለው እየለቀሙ በባልዲ ወደ ውሃው ሲወስዱ እኛም ረዳን፣ የቻልነውን ያህል። ማግስቱን ጠዋት ከገንዳው አጠገብ ደርቀው የተገኙም ነበሩ።

ለዚህ መፍትሔው ገንዘብ አይፈልግም። አምፖሉን ዝቅ አድርጎ መትከል፣ ወደ ባሕሩ እንዳይፈነጥቅ መከለል፣ ነጩን በቀይ ወይም ወደ ቢጫ በሚያደላ ብርቱካናማ መቀየር፣ በጫጩቶቹ ወቅት ማጥፋት። በፈቃዱ ላይ አንድ መስመር ነው። አንድ መስመር ጻፉ።

«አንዴ ከተበላሸ ወዲያ ምን ዋጋ አለው» ለሚል ሰው ማያ ቤይ አለችለት። የታይላንዷ ፊ ፊ ሌህ ደሴት ላይ በገደል የተከበበች ትንሽ ወሽመጥ ናት። አንድ ፊልም አስተዋወቃትና በቀን እስከ አምስት ሺህ ሰው ይጎርፍባት ጀመር፤ ጀልባዎቹ መልሕቅ እየጣሉ ኮራሉን ፈጩት። በሰኔ 2018 ተዘጋች። ለአራት ወር ነበር የተባለው፣ ሦስት ዓመት ተኩል ሆነ፣ በመሐል ወረርሽኙም ገባ። ኮራል በእጅ እየተተከለ፣ ጸጥ ስትል ክንፋቸው ጫፍ ጥቁር የሆነ የሪፍ ሻርኮች ተመልሰው መጡ። ጥር 2022 ስትከፈት ጀልባ ወደ ወሽመጡ መግባት ቀርቷል፤ ሰው ከደሴቷ ጀርባ ወርዶ በእግሩ ይሻገራል፣ በአንድ ዙር 375 ሰው ብቻ። በየዓመቱም ለሁለት ወር ያህል ታርፋለች። ቱሪስቱ አልቀረም። ወረፋ ይጠብቃል እንጂ ይመጣል።

ስለ ማረፍ ካነሳን፣ ይሄ የነጭ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። የፓስፊኳ ደሴት አገር ፓላው ውስጥ አለቆች ተሰብስበው «ቡል» ሲሉ አንድ ሪፍ ለተወሰነ ጊዜ አይጠመድበትም፣ ከጥንት ጀምሮ። ማዳጋስካር ደቡብ ምዕራብ አንዳቫዱአካ አካባቢ ዓሣ አጥማጆች በ2004 የኦክቶፐስ ማጥመጃቸውን ከፊሉን ለጥቂት ወራት ዘግተው ከፈቱት። ኦክቶፐስ ቶሎ ያድጋል፤ ሲከፍቱት ክብደቱ ጨምሮ ጠበቃቸው። ከዚያ ሌላው መንደርም አደረገው። ፊሊፒንስ አፖ ደሴት ላይም ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ነዋሪው ከዳርቻው ጥቂቱን ዓሣ የማይያዝበት አደረገው፤ የባሕር ሳይንቲስቱ አንጌል አልካላ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተቀምጠው ለብዙ ጊዜ ተነጋግረው ነው። ከተከለለው ቦታ የሞላው ዓሣ እየተረፈ ወደ ውጭ ወጣ። ዛሬ ጠላቂ ቱሪስት ለማየት ይከፍላል። እዚህ ሁሉ ጋ የምታዩት አንድ ነገር ነው፦ ጠባቂው የሚበላበት ሰው ነው። ዘበኛ አልተቀጠረም።

ስለዚህ ዓሣ አጥማጁን ከዳርቻው አባርሮ «ጥበቃ» ብሎ ነገር አልገባኝም። አጥር ሲታጠር ጀልባውን የሚያሳርፍበት ይጠፋዋል፣ ሪፉ ላይ አንድ ነገር ሲበላሽ አይቶ የሚጮህ ሰውም አብሮ ይጠፋል። በባርባዶስ ዳርቻ ሁሉ የሕዝብ ነው። ጃማይካ ግን ከቅኝ ግዛት ዘመን በተረፈው የ1956 ሕግ ሕዝቡ በአጠቃላይ ዳርቻ የመግባት መብት የለውም፣ ክርክሩም ፍርድ ቤት ደርሷል። እናንተ የትኛው መሆን እንደምትፈልጉ ወስኑ። የእግር መንገድ ሁለት ሜትር ስፋት ካርታው ላይ ማስቀረት ከባድ አይደለም፣ ቀድሞ ከታሰበ።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ደግሞ ዛንዚባር አጠገብ ያለችውን ቹምቤን ነው። ሪፏ በ1994 ተከለለ። ሰባት ባንጋሎ ብቻ አላት። ጣሪያው የዝናብ ውሃ ይሰበስባል፣ መጸዳጃው ያለ ውሃ ብስባሽ የሚያደርግ ነው፣ ዓሣ አጥማጅ የነበሩ ሰዎች ሠልጥነው ጠባቂና አስጎብኚ ሆነዋል። ሰባት ባንጋሎ የማንንም አገር በጀት እንደማይሞላ አውቃለሁ፣ ሁሉም ደሴት ቹምቤ ይሁን አልልም። ግን «ሳይበክሉ መሥራት አይቻልም» የሚለውን ሰበብ ለመዝጋት ትበቃለች።

አንድ ሰበብ ይቀራል። «ባሕሩ እየሞቀ ነው፣ ኮራሉ ለማንኛውም ያልቃል፣ እስከዚያው እንሥራ» የሚል። በ1998 እና በ2016 ውሃው ሞቆ ኮራል በየቦታው ነጭ ሆኖ እንደሞተ እውነት ነው። ያን ሙቀት እናንተ አልፈጠራችሁትም፣ በፈቃድም አታስቆሙትም። ነገር ግን ከሙቀት የተረፈ ኮራል ንጹሕ ውሃና አልጌ የሚግጥ ዓሣ ካገኘ የማገገም ዕድል አለው፤ በፍሳሽና በጭቃ የታፈነው የለውም። የታመመ ሰው ትኩሳቱን ማውረድ ቢያቅታችሁ ትራሱን አፉ ላይ አትጫኑበት።

እና ምን ላድርግ ካላችሁ፣ የሚቀጥለው ማመልከቻ ሲመጣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚባለውን ወፍራም ጥራዝ ከመክፈታችሁ በፊት ማን ከፍሎ እንዳጻፈው እዩ። ባለሀብቱ በራሱ ገንዘብ የቀጠረው አማካሪ «አትሥራ» ብሎ ሲጽፍ አይቼ አላውቅም። ገንዘቡን ባለሀብቱ ለእናንተ ይክፈል፣ አማካሪውን እናንተ ምረጡ። አንድ ወቅት የተለካ ልኬት አትቀበሉ፣ ነፋሱ ሁለቴ እስኪዞር ይለካ። ከወሰን ድንጋዩ ሳይሆን ባሕሩ በክፉ ቀን ከደረሰበት ጀምራችሁ ቁጠሩ። የፍሳሹ ማጣሪያ ሠርቶ ሳይታይ አንድ አልጋ አይከፈት። ግድብ ወይም ግንብ ሲጠየቅ ደግሞ ፊርማ ከጎረቤቱ አምጡ በሉ፤ ከአንዱ ጎረቤት ሳይሆን አሸዋው ከሚሄድበት ሁሉ። ጎረቤቱ ዳርቻውን ካጣ ማን እንደሚከፍለውም ከግንባታው በፊት ይጻፍ፣ ገንዘቡም ባንክ ይቀመጥ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ።

ከዚያ ከቢሮ ውጡ። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ቀን፣ ባሕሩ ከፍ ብሎ በሚሞላበት ሰዓት ሂዱ። ቀያሹን ውሰዱ፣ ባለሀብቱንም ውሰዱ፣ ጫማችሁን ግን መኪና ውስጥ ተዉት። አንድ በዕድሜ የገፋ ዓሣ አጥማጅ ፈልጉና «በልጅነትዎ ውሃው እስከ የት ነበር የሚደርሰው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ቆመው የሚያሳዩዋችሁን ቦታ እንጨት ትከሉበት። ካርታውን ከዚያ በኋላ ዘርጉት።

መልሳችሁን በግልጽ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመሰላሉ ተጠቃሚ